ከቁና እስከ ማንኪያ፤ የወጥ ቤታችን ልክ ታሪክ



በየዓመቱ አባላት የሚያውቁትን እንዲጽፉ ሲጠየቅ አንዱ ስለ ሰፈራችን አመሠራረት፣ ሌላው ስለ ጤና ይጽፋል። ዘንድሮ ተራው ለእኛ ደረሰንና ምን እንጻፍ ብለን ብዙ አሰብን። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜያችንን የጨረስነው በዕቃ ግምጃ ቤት ወንበር ላይ ገቢና ወጪ ስንጽፍ ነው። እንግዲያው የምናውቀውን እንጻፍ ብለን ስለ ልክ ለመጻፍ ቈረጥን። ልክ ስንልም የመሬቱን ወይም የጨርቁን አይደለም፤ ወጥ ቤት ውስጥ ያለውን፣ ጨው በማንኪያ፣ ክክ በጣሳ፣ ቅቤ በኪሎ የምንለውን ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ኪሎን ወደ ጣሳ፣ ግራምን ወደ ማንኪያ መለወጥ የማያውቅ ሰው ወጥ ብቻ ሳይሆን የሰው ስምም ሊያበላሽ እንደሚችል በራሳችን ደርሶ አይተነዋል። እሱን ወደ ኋላ እንናገራለን። አስቀድመን ግን ታሪኩን ከሥሩ እንጀምር።

የእጅና የቁና ዘመን

እናቶቻችን ወጥ ሲሠሩ ልካቸው እጃቸው ነበር። «ቆንጠር አድርጊና ጨምሪ»፣ «እፍኝ ጣል አድርጊበት» ይላሉ፤ ሌላ መጽሐፍ የላቸውም። እህሉ በዛ ሲል በቁና ይሰፈራል። ቁና ከሣር የተሰፋ ዕቃ መሆኑን ወጣቶቹ ምናልባት አያውቁ ይሆናል፤ እኛ ግን ገበያ እየወረድን ሲሰፈር አይተናል። ከቁናም በላይ ዳውላ ነበረ፤ በብዙ አገር ሃያ ቁና አንድ ዳውላ ይባል ነበር።

ታዲያ ችግሩ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና አለመግጠሙ ነው። በዚያ ላይ አሰፋፈሩ ራሱ ጭቅጭቅ ነበረበት። ገዢው እስኪፈስስ ይቆለልልኝ ይላል፤ ሻጩ አፉን በእጁ ጠረግ ያደርጋል። በአንድ ቁና ላይ ሁለት ልክ ማለት ይኸው ነው፤ የተቆለለና የተጠረገ። ይህን ልብ በሉልን፤ ማንኪያ ላይ ስንደርስ ተመልሶ ይመጣል።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቁናም ሆነ እፍኝ፣ ጣሳም ሆነ ማንኪያ የሚለካው ቦታን ነው እንጂ ክብደትን አይደለም። አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ገለባ ቦታቸው አንድ ነው፤ ተሸካሚው አህያ ግን ልዩነቱን ያውቃል።

የሚዛን ነገር

ክብደትን የሚለካው ሚዛን ነው። ሚዛንም ለአገራችን አዲስ አይደለም። ወርቁ፣ ዝባዱ፣ ቡናው፣ ቅቤው በሚዛን ይሸጥ ነበር። ከትንንሾቹ ክብደቶች አንዱ ወቄት ነው። ከሱ በላይ ነጥር፣ ከነጥር በላይ ፈረሱላ አለ። አንዱ ነጥር ስንት ወቄት እንደሚይዝ እንደ ሸቀጡ ይለያይ ነበር። ፈረሱላ ዛሬም አልሞተም፤ የቡና ነጋዴዎች 17 ኪሎውን አንድ ፈረሱላ እያሉ ይነጋገሩበታል።

የወቄት መመዘኛ ድንጋይ ምን ነበር ብትሉ፣ ገንዘቡ ራሱ ነበር። አባቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ብር፣ ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. እንላለን) 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ተጽፎበታል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ሲቀረጽም ይኸው ቁጥር አልተለወጠም። ክብደቱም ስላልተለወጠ ነው ብር ሠሪውም ነጋዴውም ሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጠው።

እንግዲህ ለወጥ ቤት የሚጠቅም አንድ ነገር እንንገራችሁ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ አፉ ተጠርጎ ቢመዘን፣ 28 ግራም ያህል ይመጣል። ይኸውም የአንድ ጠገራ ብር ክብደት፣ ማለት አንድ ወቄት ነው። ድሮ «አንድ ወቄት ቅቤ» የተባለውን ዛሬ ያለ ሚዛን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብሎ መገመት ይቻላል ማለት ነው።

ጨው ግን የራሱ ታሪክ አለው። ከአፋር ሜዳ ተቈርጦ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ ገንዘብም ምግብም ነበር። ወጥ ቤት ሲገባ ተሰብሮ በሙቀጫ ይወቀጣል። አንዷ ታልመዋለች፣ አንዷ ሻካራ ታደርገዋለች። ስለዚህ የጨው ልክ ከቤት ቤት መለያየቱ አይገርምም።

ኪሎ ሲመጣ

ኪሎ የመጣው ከፈረንሳይ አገር ነው። እዚያም እንደኛው በየአውራጃው የተለያየ መስፈሪያ ነበርና ሕዝቡ ተማሮ ነበር። ከአብዮታቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1795 በወጣ ሕግ ግራምን ከውሃ አወጡት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ እንዲመዝን ሆኖ ተደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1799 ከፕላቲኒየም የተሠራ የኪሎ መመዘኛ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1875 ደግሞ አሥራ ሰባት መንግሥታት ፓሪስ ላይ ተስማምተው ፈረሙ። የኪሎ ትርጉም ከብረት መመዘኛ ተላቆ በሳይንስ ቀመር የተተካው በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። እኛን ግን የሚመለከተን የመጀመሪያው ነው፤ ግራም የተወለደው ከውሃ ነው።

በአገራችንም በዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ የሚዛንና የመስፈሪያ አዋጅ ወጥቶ ሜትርና ኪሎ ሕጋዊ ልክ ሆኑ። እኛ ትምህርት ቤት ስንገባ አስተማሪያችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ «1 ኪሎ = 1,000 ግራም» ብለው ጽፈው አስጮኹን። ቤት ስንመለስ ግን እናታችን እፍኟን አልተወችም። በደርግ ዘመን ስኳር በቀበሌ ሱቅ በኪሎ ሲታደል ነው ኪሎ በእውነት ወጥ ቤታችን ድረስ የገባው። ያኔ እንኳ በኪሎ የመጣው ስኳር ከቤት ሲደርስ በማንኪያ ይከፋፈል ነበር። ሱቁ በኪሎ፣ ቤቱ በማንኪያ። ነገሩ እስከ ዛሬም እንደዚሁ ነው።

ማንኪያዋ

እኛ እንጀራ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን። ወጥ ቤታችን ማማሰያና ጭልፋ ነበረው እንጂ በሚበላበት ማንኪያ ብዙ አልተቸገረም። ስሞቹን ልብ በሉ፤ የሻይ ማንኪያ፣ የሾርባ ማንኪያ። ሁለቱም በመጡበት ነገር ነው የተጠሩት።

በእንግሊዝ አገር ሻይ በመጀመሪያ ሲገባ እጅግ ውድ ስለ ነበር ስኒውም ማንኪያውም ትንንሽ ነበሩ። አራቱ የሻይ ማንኪያ አንዱን የገበታ ማንኪያ ይሞላ ነበር። ኋላ ሻዩ ሲረክስ ስኒው አደገ፣ ማንኪያውም አብሮ አደገና ሦስቱ አንዱን የሚሞላ ሆነ። ዛሬም ሦስት የሻይ ማንኪያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው።

ማንኪያን እንደ ቁና አስከብራ ልክ ያስያዘችው ደግሞ በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ የወጥ ቤት ትምህርት ቤት ታስተዳድር የነበረች ፋኒ ፋርመር የምትባል ሴት ናት። ከሷ በፊት «የእንቁላል መጠን ያለው ቅቤ» እየተባለ ይጻፍ ነበር። እሷ እ.ኤ.አ. በ1896 ባወጣችው የወጥ ቤት መጽሐፍ ማንኪያውና ስኒው ከተሞላ በኋላ አፉ በቢላዋ ይጠረግ ብላ ደነገገች። አሳታሚው መጽሐፉ የሚሸጥ ስላልመሰለው 3,000 ቅጂ ብቻ በራሷ ወጪ አሳተመላት። መጽሐፉ ግን በጣም ተሸጠ፤ የአሜሪካ ወጥ ቤትም እስከ ዛሬ በስኒና በማንኪያ ይኖራል። አውሮጳ ደግሞ ብዙውን በግራም ይመዝናል።

ይህ ነገር እኛ ቤትም ገብቷል። ከልጆቻችን ብዙዎቹ በዋሽንግተንና በአካባቢው ይኖራሉ። አንዷ ልጅ በስልክ «እማዬ፣ በርበሬው ስንት ማንኪያ ነው?» ብላ ስትጠይቅ እናት «እስኪበቃው ነዋ!» ብላ ስትመልስ እኛው ራሳችን ሰምተናል። ልጅቱ ማንኪያ ትፈልጋለች፣ እናት እጅ አላት፣ ሱቁ በግራም ይሸጣል። ሦስቱን የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል።

ማንኪያና ግራም ለምን አይገጥሙም

ዛሬ በተለምዶ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል ይባላል። የአሜሪካኖቹ በትንሽ ያንሳል፤ የአውስትራሊያ የሾርባ ማንኪያ ደግሞ 20 ነው። ግራም ከውሃ ተወልዷል ብለናልና፣ 15 ሚሊ ሊትር ውሃ 15 ግራም ነው። ይህ ግን የሚሠራው ለውሃ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዱቄት በመሐሉ አየር ስላለው ይቀላል፤ ማር ይከብዳል። በአንድ አፉ በተጠረገ የሾርባ ማንኪያ የሚከተለው ይገኛል፤

ውሃ፣ 15 ግራም
የላመ ጨው፣ 18 ግራም ያህል
ስኳር፣ ከ12 እስከ 13 ግራም
የስንዴ ዱቄት፣ 8 ግራም ያህል
ዘይትና ቅቤ፣ 14 ግራም ያህል
ማር፣ 21 ግራም ያህል

የሻይ ማንኪያው የዚህ ሲሶ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 6 ግራም፣ ስኳር 4 ግራም ያህል ማለት ነው። ጨው ሻካራ ከሆነ በማንኪያው ውስጥ ክፍተት ስለሚበዛ ያንሳል። ማንኪያው ከተቆለለ ደግሞ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የቁናው ጭቅጭቅ ተመልሶ መጣ ያልነው ይኸው ነው።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ» ይባላል። ዛሬ ግን ከመጠን በላይ የጣፈጠውም ያስጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል፤ ይህ አንድ የተጠረገ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ወደ ልቅሶ ቤት ከሚመጡት መካከል ስንቱ የደም ግፊት እንዳለበት አስቡት።

የሕፃናቱ ነገር ከዚህም ይብሳል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ፈሳሽ አልቆበት እንዳይሞት የሚሰጠው የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት በታጣ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚበጠበጠው ልኩ የታወቀ ነው፤ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም የተጠረገ። እዚህ ላይ «እስኪበቃው» የሚባል ነገር የለም። ጨው የበዛበት ውሃ ልጁን ይጎዳዋል። ከረጢቱ ካለ እሱ ይቀድማል፤ ልጁንም ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

የእድራችን ጣሳ

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንምጣ። ነገሩ በ1998 ዓ.ም. የሆነ ነው፤ የእድሩ ጸሐፊ እኛ ነበርን። እንደምታውቁት ክኩ፣ ሽሮው፣ በርበሬው የሚገዛው በኪሎ ነው። ዕቃ ቤታችን ግን ሚዛን አልነበረውም። ልቅሶ ቤት ሲሆን ዕቃው የሚወጣው በአንዲት ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። እኛም አዋቂ ነን ብለን ጣሳዋን ወደ ባለሱቅ ወስደን፣ ሽሮ ሞልተን አስመዘንናት። ልክ አንድ ኪሎ ሆነች። ደስ ብሎን በመዝገቡ ሽፋን ላይ «1 ጣሳ = 1 ኪሎ» ብለን በቀይ ቀለም ጻፍን። ከዚያ በኋላ ምንም ይውጣ ምን፣ ጣሳውን ኪሎ እያልን እንመዘግብ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ፣ የገባው ክክ አንድ ኩንታል፣ የወጣው 60 ጣሳ ነበረ። በመዝገባችን 40 ኪሎ መቅረት አለበት። ያን ጊዜ ለቆጠራው በተዋስነው ሚዛን ሲመዘን የተገኘው ግን 16 ኪሎ ብቻ ሆነ። 24 ኪሎ ጎደለ። ለጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርቱን ያነበብነው እኛ ነን። የንብረት ኃላፊው አባላችን ተነሥተው «እኔ በጣሳዋ ከወጣው በቀር የነካሁት የለም» አሉ። የሚያምናቸው ጠፋ። በማግሥቱ የ24 ኪሎውን ዋጋ ከኪሳቸው ከፈሉ፣ ቁልፉን አስረከቡ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ስብሰባ አልመጡም። ወርኃዊ መዋጯቸውን ብቻ በልጃቸው እጅ ይልኩ ነበር።

ጥቂት ወራት ካለፈ በኋላ ነው፣ ለልቅሶ ቤት ወጥ የሚሠሩ አንዲት እናት መዝገቡን ይዘን ሲያዩን፣ «እስቲ ልጄ፣ ያ የበርበሬው ነገር ምን ሆነ?» አሉን። የበርበሬው ነገር እንዲህ ነበር። የገባው 20 ኪሎ፣ የወጣው 15 ጣሳ፣ ሊቀር የሚገባው 5፣ የተገኘው ግን 8 ኪሎ። ሦስት ኪሎ ትርፍ! በጉባኤው ላይ ሲነበብ ሰው ሁሉ በረከት ነው ብሎ ስቆ አልፎታል። እሳቸው ግን «ሰውየው ሌባ ከሆነ በርበሬውን ማን ጨመረልን?» አሉ።

ይህን ስንሰማ እግራችን ከዳን። ወዲያው ጣሳዋን ይዘን ወደ ባለሱቁ ሄድን። ክክ ሞልተን ስናስመዝን 1 ኪሎ ከ400 ግራም ሆነ። በርበሬ ሞልተን ስናስመዝን 800 ግራም ሆነ። እዚያው ቆመን አባዛነው። 60 ጣሳ ክክ 84 ኪሎ ነው፤ ከመቶው ሲቀነስ 16። 15 ጣሳ በርበሬ 12 ኪሎ ነው፤ ከሃያው ሲቀነስ 8። አንድም ኪሎ አልጎደለም፣ አንድም ኪሎ አልተረፈም። ጎዶሎው የእኛ ሒሳብ ነበር።

ሽማግሌዎች ይዘን ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅን፤ ገንዘባቸውም ተመለሰ። ተቀበሉን፣ ቡናም አፈሉልን። ሲሸኙን ግን «ስሜ የተነበበው በጉባኤ ነው፤ ይቅርታው በሳሎኔ ሆነ» አሉን። ልክ ነበሩ። በሚቀጥለው ጉባኤ እናነባለን ብለን ነበር፤ የዚያን ዓመት አጀንዳው በዛ፤ በዓመቱም እንደዚሁ። እውነቱን ለመናገር አጀንዳው አይደለም፤ አፍረን ነው። ኋላም እኚያ አባላችን ዐረፉ። በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈን ያነበብነው እኛው ነን። ደግነታቸውን ጻፍን፣ ትጋታቸውን ጻፍን። የጣሳዋን ነገር አልጻፍንም።

ስለዚህ ዛሬ እዚህ ላይ እንጽፈዋለን። በ1998 ዓ.ም. ቃለ ጉባኤ ላይ «24 ኪሎ ክክ ከንብረት ክፍል ጎደለ» ተብሎ የተጻፈው ስሕተት ነው። የጎደለ ክክ አልነበረም። ስሕተቱ የጸሐፊው፣ ማለት የእኛ ነው። ኮሚቴው ይህንኑ በመዝገቡ ኅዳግ ላይ እንዲያጽፍልን፣ በጠቅላላ ጉባኤም እንዲያስነብብልን በትሕትና እንጠይቃለን። ልጆቻቸውም ይህን መጽሔት እንዲያገኙ እንፈልጋለን።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ጣሳን ወይም ማንኪያን መናቅ አይደለም። ጣሳ ባይኖር ልቅሶ ቤት ወጥ አይደርስም። ነገሩ ለእያንዳንዱ ዓይነት የራሱን ልክ መስጠት ነው። የክኩ ጣሳ ለብቻ፣ የበርበሬው ለብቻ፣ የሽሮው ለብቻ ተመዝኖ በየዕቃው ላይ ይጻፍ። ጣሳዋ ስትለወጥም ሁሉም እንደገና ይመዘን።

በየቤታችሁም ማንኪያን በሚዛን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ማንኪያ በርበሬ ለሚዛን በጣም ትንሽ ስለሆነ አሥር የተጠረገ ማንኪያ ሰፍራችሁ መዝኑ፤ የመጣውን ለአሥር አካፍሉ። እኛ በሾርባ ማንኪያ ሞክረን 70 ግራም ወጣልን፤ አንዱ 7 ግራም ሆነ ማለት ነው። የእናንተ በርበሬ አፈጫጩ ከተለየ ቁጥሩም ይለያል።

የመጨረሻው ልመናችን ለልጆች ነው። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ወጥ ሲሠሩ አጠገባቸው ትንሽ ሚዛን አስቀምጡ። የቆነጠሩት ጨው፣ ያፈኑት በርበሬ ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሚዛኑ ላይ አረፍ ይበልና ጻፉት። እድራችን ብዙ ባለሙያ እናቶችን ቀብሯል፤ ልካቸው አብሯቸው ተቀብሯል። የእናታችንን የእፍኝ ልክ እኛም አልጻፍነውም፤ ዛሬ ሽሮ ስንበላ ትዝ የሚለን እሱ ነው።

ላንቀላፉት ዕረፍተ ነፍስ ይስጥልን፤ ያለነውንም ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።

ከቀድሞው የእድሩ ጸሐፊ